አማካዩ ሰው የት ሰፈር ይኖራል?

በአንድ እሁድ ከሰዓት፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ በጋራ መገልገያ ቤቱ ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም አስተካክዬዋለሁ፤ በመጨረሻ የተነሡትን ጥያቄዎችም ጨምሬያለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ልብስ የሚታጠብበትን፣ ዘመድ የሚጠየቅበትን ሰዓት ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። የእድራችን ሰብሳቢ "ስለ ውፍረትና ስለ ክሳት አንድ ነገር ንገሪን" ካሉኝ ወር አልፏል። ከየት ልጀምር እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ሰንብቼ ነገሩን ያስጀመረልኝ የሚዛኑ ልጅ ነው።

ልጁን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ታክሲ ማዞሪያው ጋ፣ የባጃጆቹ ተራ ከሚጀምርበት አጠገብ፣ ሚዛኑን ኮብልስቶኑ ላይ አስቀምጦ "ተመዘኑ! ተመዘኑ!" የሚለው ነው። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ቆሜ አየሁት። አንድ ደልደል ያሉ ሰው ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ወጡበት። ጎንበስ ብለው ቁጥሩን አዩና "ሰማንያ ሦስት" አሉ። ከዚያ ልጁን "ጥሩ ነው?" ብለው ጠየቁት። "ጥሩ ነው ጋሼ፣ ብዙ ሰው እንዲህ ነው" አላቸው። ብሩን ሰጥተው ፊታቸው ፈታ ብሎ ሄዱ።

ልጁ አልዋሸም። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲመዝን ስለሚውል ከእኔ ይበልጥ ብዙ ቁጥር ያያል። ነገር ግን ሰውዬው "ጥሩ ነው ወይ?" ብለው ነው የጠየቁት፤ የተመለሰላቸው ደግሞ "የተለመደ ነው" የሚል ነው። አሁን ይህንኑ መልስ ስልካችንም ይሰጠናል። ቁመትና ክብደት ስናስገባ ከአገራችን ሰው ምን ያህሉን በክብደት እንደምንበልጥ፣ ከዓለም ሕዝብ ደግሞ የትኛው ቦታ ላይ እንደቆምን የሚነግር ማስያ ልጆቻችሁ ሳያሳዩዋችሁ አይቀሩም። የኔም ልጅ አሳይቶኛል። ሰው ራሱን ከሰው ጋር ማስተያየት ይወዳል። እኔ ዛሬ የመጣሁት በዚህ ማስተያየት እንዳትጽናኑ ልለምናችሁ ነው። በአገራችን አማካይ ራሱን የሚለካ ከሲታ ሰው ይታለላል፤ በዓለም አማካይ ራሱን የሚለካ ወፍራም ሰውም ይታለላል። እንዴት እንደሆነ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ስሌቱን እንጨርስ። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ነርሷ ካርዳችሁ ላይ ቢኤምአይ ብላ የምትጽፈው ቁጥር አለ። ቁመታችሁን በሜትር ለክታችሁ በራሱ ታባዙታላችሁ፤ ከዚያ ክብደታችሁን በኪሎ ወስዳችሁ ለተገኘው ቁጥር ታካፍላላችሁ። ሌላ ምንም ምሥጢር የለውም። የሚዛኑን ሰውዬ እንውሰድ። ቁመታቸው በዓይን ግምት 1.72 ሜትር ነው። 1.72 በ1.72 ሲባዛ 2.96 ይሆናል፤ 83 ለዚህ ሲካፈል 28 ይመጣል። ጫማውና ቦርሳው ሦስት ኪሎ ቢሆኑ እንኳ 27 ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ወሰን ከ18.5 በታች ክሳት፣ ከዚያ እስከ 25 ድረስ ጤናማ፣ ከ25 እስከ 30 ከሚገባው ያለፈ ክብደት፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነው። እርጉዝና አራስ በዚህ አይለኩም፤ ልጆችም የራሳቸው ሰንጠረዥ አላቸው።

ይህን ቀመር ያወጣው ሐኪም አይደለም። አዶልፍ ኬትሌ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1796 በዛሬዋ ቤልጂየም፣ ጌንት ከተማ የተወለደ የከዋክብት ተመራማሪ ነው። የከዋክብት ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። የአንዱን ኮከብ ቦታ ደጋግመው ይለካሉ፤ ልኬቱ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይዛነፋል፤ ሁሉንም ደምረው አማካዩን ሲወስዱ ወደ እውነተኛው ቦታ ይቀርባሉ። አማካዩ እውነት፣ የቀረው ስሕተት ነው ማለት ነው። ኬትሌ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ይህንን አስተሳሰብ ከሰማይ አውርዶ ሰው ላይ አዋለው። የሰዎችን ቁመትና ክብደት ሰብስቦ "አማካይ ሰው" የሚል ሐሳብ ፈጠረ፤ ይህ አማካይ ሰው ለእሱ ተፈጥሮ ልትሠራው ያሰበችው ትክክለኛ ሰው ነበር። የአዋቂ ሰው ክብደት ከቁመቱ ካሬ ጋር አብሮ እንደሚሄድ ያስተዋለውም ያኔ ነው።

እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ቆም ብዬ አስቤያለሁ። ኮከብ አንድ ነው፤ ብትሳሳትም የምትሳሳተው ስለ አንድ ነገር ነው። እኔና እናንተ ግን የአንድ ሰው የተዛነፈ ልኬት አይደለንም። አንዱ ከሲታ፣ ሌላው ወፍራም የሆነው ተፈጥሮ እጇ ስለተንቀጠቀጠ አይደለም፤ አንዱ ስላላገኘ፣ አንዱ ስለተረፈው፣ አንዱ ስለታመመ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1972 አንሴል ኪስ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከአምስት አገሮች በተውጣጡ ከ7000 በሚበልጡ ወንዶች ላይ ቀመሩን ፈትሾ ዛሬ የምንጠራበትን ስም ሰጠው። ወንዶች ብቻ እንደነበሩ ልብ በሉልኝ። ሁለቱም ሰዎች መለኪያውን ያሰቡት ለብዙ ሕዝብ ነው፤ አንድ ሰው ካርዱን ይዞ ወረፋ ጠብቆ የሚፈረድበት ይሆናል ብለው አልነበረም።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 ሺህ በላይ ሴቶችንና ከ12 ሺህ በላይ ወንዶችን የዳሰሰ ትልቅ ሥራ ነው። በዚያ ጥናት፣ በወሊድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከ18.5 በታች ነበሩ። ከወንዶቹ 33 በመቶው! ከሦስት ወንድ አንዱ ክሱ ማለት ነው። ከ25 በላይ የሆኑት ደግሞ ከሴቶቹ 8 በመቶ፣ ከወንዶቹ 3 በመቶ ናቸው። ወንዶቻችን በአማካይ 20 ገደማ ስለሆኑ ከዓለም ዝቅተኛ ከሆኑት ተርታ ነን።

እንግዲህ አስቡት። ቢኤምአዩ 18 የሆነ አንድ የቀን ሠራተኛ ስልኩ ላይ ቢያስገባ "ከአገርህ አማካይ ብዙም አትርቅም" ይለዋል። እውነት ነው፣ አይርቅም። አማካዩ ራሱ ግን በረሃብ የወረደ አማካይ ነው። ጎረቤቱም፣ አብሮት ድንጋይ የሚያነሣውም፣ አገር ቤት ያለው ወንድሙም ስለከሱ ነው እሱ ደህና የመሰለው።

ይህንን የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት በአንድ የጤና ጥናት ላይ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከአዲስ አበባ ዳር ጀምሮ ወደ ገጠሩ እየዘለቅን፣ ሁለት ሁለት ሆነን፣ አንዳችን ሚዛኑን አንዳችን የቁመት ሰሌዳውን ተሸክመን ቤት ለቤት እንዞር ነበር። ሰሌዳው እንጨት ነው፤ ላብ ሲነካው ትከሻ ይልጣል። ሥራው የሚመስላችሁን ያህል ቀላል አልነበረም። ሚዛኑ ደልዳላ ቦታ ይፈልጋል፤ የጭቃ ቤት ወለል ላይ ከሆነ ጠፍጣፋ ሳንቃ ፈልገን ከሥሩ እናነጥፋለን። ጫማ ይወልቃል፣ ጋቢ ይወልቃል፣ ኪስ ውስጥ ያለው ይራገፋል። ተረከዝ፣ መቀመጫና ትከሻ ሰሌዳውን መንካት አለባቸው። ሴቶች ፀጉራቸው ከፍ ተደርጎ ከታሰረ ፍቱልን ለማለት እያፈርን እንለምናቸዋለን፤ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ቁመት ይጨምራልና።

አንድ አባወራ ነበሩ። ጎጆአቸው ከጤፍ ማሳቸው ዳር ነው። ጋቢአቸውን አውልቀው ለልጃቸው ሰጡና ሚዛኑ ላይ ወጡ። 49 ኪሎ። ቁመታቸው 1.70 ሜትር። ቢኤምአያቸው 17 ማለት ነው። ጋቢአቸው ሲወልቅ የትከሻቸው አጥንት በሸሚዛቸው ላይ ሲታይ አስታውሳለሁ። እሳቸውም እንደዚያ ደልደል እንዳሉት ሰውዬ ጠየቁኝ፦ "የኔ ልጅ፣ የኔ እንዴት ነው? ከሰው ያንሳል?" እኔም ቅጹ ላይ እየጻፍኩ "አይ አባባ፣ ከአካባቢው ሰው ብዙም አይለይም" አልኳቸው። "ተመስገን" ብለው ጋቢአቸውን ለበሱ። እኔም ወደ ቀጣዩ ቤት ሄድኩ።

ያ መልስ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሐሰት አልተናገርኩም፤ ከአካባቢው ሰው ብዙም አይለዩም ነበር። ነገር ግን 17 የሆነ ሰው ጉልበቱ ቶሎ ይከዳዋል፣ ሲታመም ቶሎ አይነሣም። ክሳት የሳንባ ነቀርሳ ዋና መንገድ ከፋች ነው፤ ቢኤምአይ በአንድ ነጥብ ከፍ ባለ ቁጥር በዚያ በሽታ የመያዝ ዕድል በ14 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ማለት የነበረብኝ "አባባ፣ ሳል አለብዎት ወይ? ማታ ያልብዎታል ወይ? ጤና ጣቢያ ሄደው ይታዩ" ነበር። እኔ ግን አማካዩን ነገርኳቸው።

አንድ ነገር ደግሞ መዘንጋት የለበትም፤ ዝቅተኛ ቁጥር ሁሉ ረሃብ ማለት አይደለም። ቁመታቸው በአብዛኛው በእግር የሆነ ሰዎች አሉ፤ በቆላ ያሉ አርብቶ አደር ወገኖቻችንን አይታችሁ ከሆነ እግራቸው ረጅም፣ ደረታቸውና ወገባቸው ቀጭን ነው። ሰውነታቸው ሲሠራ እንዲያ ስለሆነ ሙሉ ጤነኛ ሆነው ቁጥራቸው ዝቅ ይላል። ቀመሩ እግርንና ደረትን አይለይም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ እኔን በጣም ያስደነገጠኝ ግኝት አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ፣ የተለያዩ ሕዝቦችን ልኬት አሰባስቦ ያነጻጸረ ጥናት ነው። ጥያቄው፣ እኩል ስብ ያላቸው የተለያየ አገር ሰዎች ቢኤምአያቸው እኩል ነው ወይ የሚል ነበር። አይደለም። ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋር እኩል የሰውነት ስብ ሲኖራቸው ቢኤምአያቸው በ4.6 ነጥብ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የፖሊኔዥያ ደሴቶች ሰዎች በተቃራኒው በ4.5 ነጥብ የበለጠ። አንድ ጥናት ብቻውን ወሰን አያስቀይርም፤ እኔም ወሰኑን ቀይሩ እያልኩ አይደለም። ነገር ግን 24 ሆኖ "ገና ጤናማ ክልል ውስጥ ነኝ" የሚል ቦርጭ ያወጣ ወንድሜ፣ ያ ወሰን የተሠራው የእሱን ዓይነት ሰውነት በብዛት ለክቶ እንዳልሆነ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። ለእስያ ሕዝቦች የዓለም ጤና ድርጅት ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ከ23 ጀምሮ ጥንቃቄ ይደረግ ብለዋል። ለእኛ እንዲህ ያለ ነገር አልተባለልንም።

ወሰን የሰው ሥራ ነው፤ ይንቀሳቀሳል። አሜሪካኖች እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ድረስ ለወንድ 27.8፣ ለሴት 27.3 ነበር ወሰናቸው። በዚያ ዓመት ወደ 25 ሲያወርዱት በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ጤነኛ ሆኖ ተኝቶ፣ አንድም ግራም ሳይጨምር፣ ወፍራም ሆኖ ነቃ።

አሁን የዓለሙን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1975 የዓለም ወንዶች አማካይ 21.7፣ የሴቶች 22.1 ነበር። በ2014 ወንዶቹ 24.2፣ ሴቶቹ 24.4 ደረሱ። በአርባ ዓመት ውስጥ የዓለም ሕዝብ በጅምላ ወፈረ ማለት ነው። የፖሊኔዥያና የማይክሮኔዥያ ደሴቶች ሴቶች አማካይ 32.2 ነው። በክብደት ከሆነም፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ስሌት የዓለም አዋቂ ሰው አማካይ 62 ኪሎ፣ የሰሜን አሜሪካው 80.7 ኪሎ ነው ይላል። በ2022 ደግሞ ከዓለም አዋቂዎች 43 በመቶው ከ25 በላይ ነበሩ። እንግዲህ የዓለም አማካይ የሚባለው ቁጥር በራሱ ወሰኑን ሊነካ አንድ ነጥብ የማይሞላ የቀረው፣ በየዓመቱም ሽቅብ የሚሄድ ነው። ከሚሄድ መኪና ጎን ለጎን እየሮጣችሁ "አልራቅሁም" ብትሉ ከቤታችሁ ስንት እንደራቃችሁ በምን ታውቃላችሁ?

የዚህ ግቢ የሆነች አንዲት እህቴ፣ ፈቅዳልኝ ነው የምናገረው፣ ቁመቷ 1.58 ሜትር ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ስታገባ 52 ኪሎ ነበረች፤ 20.8 ማለት ነው። ዛሬ 64 ኪሎ ናት፤ 25.6። ስልኳ ምን አላት? ከዓለም ሴቶች አማካይ በትንሽ ብቻ ትበልጫለሽ። ከአዲስ አበባ ሴቶችም ብታስተያዪው፣ በዚያ በ2008ቱ ጥናት በከተማችን ከአራት ሴት ከአንዷ በላይ ከ25 በላይ ስለነበረች፣ ጓደኛ አላት። ተረጋግታ ነበር የነገረችኝ። እኔ ግን የሰማሁት 12 ኪሎውን ነው። 12 ኪሎ ከሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ ግማሽ ይበልጣል፤ ያንን አዝላ ነው በየቀኑ ደረጃ የምትወጣው። ባለፈው ዓመት ደም ግፊቷ መጨመር ጀምሯል።

እንዴት እንደመጣ ስትነግረኝ ደግሞ የሁላችንን ታሪክ ነው የነገረችኝ። ድሮ ካዛንቺስ ስትኖር ወደ ሥራዋ በእግሯ ትሄድ ነበር። ቤት ደርሷት ኮዬ ስትመጣ ሥራዋ እዚያው ቀረ። አሁን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሣለች፤ ከብሎኳ እስከ ማዞሪያው በባጃጅ፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወንበር ላይ፣ ከዚያ እንደገና አውቶቡስ። ማታ ሁለት ሰዓት ቤት ትገባለች። ቁርስ የለም፤ ቀን በዳቦና በጣፋጭ ሻይ ያልፋል፤ ማታ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ትሪው ይቀርብና ቀኑን ሙሉ ያልተበላው ሁሉ ይበላል፤ ከዚያ እንቅልፍ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለ፤ እሷ ምሳዋን በሱ ነበር የምታወራርደው። በጾም ሥጋና ቅቤ ይቀራል፣ እውነት ነው፤ ግን ወጡ እንዲጥም ዘይቱን እናበዛዋለን። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ነው። የሚረጋውም ሆነ የማይረጋው በዚህ አይለያዩም።

መስኮታችሁን ከፍታችሁ ወደ አስፋልቱ ማዶ ተመልከቱ። አዲሱን ብሎክ የሚሠሩትን ልጆች ታያላችሁ፤ ከደቡብም ከሰሜንም የመጡ፣ ሲሚንቶ በትከሻቸው ሦስተኛ ፎቅ የሚያወጡ፣ ምሳቸው አንድ ፍርፍር ለሁለት የሆነ። ከነሱ አንዱን 17 አድርጉት። ከዚህ ወገን ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚውለውን ወንድማችንን 25 አድርጉት። ደምሩና ለሁለት አካፍሉ፤ 21 ይመጣል። የሚያምር ጤነኛ ቁጥር ነው። ግን 21 የሆነው ሰው የት ነው? በዚህ አስፋልት ግራና ቀኝ ብትፈልጉት አታገኙትም። አማካዩ ሰው ሰፈር የለውም። አገራችን በአሁኑ ጊዜ ሁለቱንም ችግር በአንድ ላይ ተሸክማለች፤ በ1992 ዓ.ም. ከሴቶቻችን 30 በመቶዎቹ ክሱ፣ 3 በመቶዎቹ ከ25 በላይ ነበሩ፤ በ2008 ክሱዎቹ ወደ 22 ሲወርዱ ሌሎቹ ወደ 8 ወጡ። አማካዩ ከፍ ማለቱን አይቶ "ሕዝቡ ጠገበ" የሚል ሰው ሁለቱን ወገን አላያቸውም።

ለዚህ ነገር ዓይናችንን የጋረደው የራሳችን ሰላምታም ይመስለኛል። ከዓመት በኋላ የተገናኘነውን ሰው "ወፍረሻል፣ አምሮብሻል" እንላለን። የቀጠነውን "ምነው ከሳህ፣ ምን ሆንክ?" እንላለን። ቦርጭ የድሎት ማስረጃ ነው፤ "ተመችቶታል" ይባላል። በዚህ አልፈርድም። ረሃብ ያየ ሕዝብ ሥጋ ሲለብስ ሲያይ ደስ ቢለው ምን ይፈረድበታል? በ1990ዎቹ ደግሞ ነጻው የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. እስኪመጣ ድረስ የከሳ ሰው ሁሉ በክፉ ዓይን ይታይ ነበር፤ በሌላ ምክንያት የከሳውም ከሰው ተደብቆ ነበር የሚኖረው። ያን ጊዜ ያለፍን ሰዎች ውፍረትን እንደ ጤና ምስክር ወረቀት ማየት ለመድን። ያንን ልማድ ዛሬ መተው ያለብን ይመስለኛል። የስኳር በሽታም ቢሆን የወፍራም ብቻ አይደለም። በልጅነታቸው ምግብ የጎደላቸው ቀጫጭን ወጣቶችን የሚይዝ ዓይነት አለ፤ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 "ዓይነት አምስት" ብሎ ለብቻው እውቅና ሰጥቶታል። ስለዚህ ቀጭን ነኝ ብሎ ውሃ ጥሙንና ሽንት መመላለሱን ችላ የሚል ልጅ ካለ አምጡት፣ ይመርመር።

ታዲያ ከማን ጋር እንስተያይ? ከራሳችን ጋር። የዛሬ ዓመት ስንት ነበርኩ፣ ስሞሸር ስንት ነበርኩ፣ ቀበቶዬ ስንተኛው ቀዳዳ ላይ ነው? እሱ የማይዋሽ መዝገብ ነው። ሚዛኑም አንድ ይሁን፤ ዛሬ ኮብልስቶን ላይ፣ ነገ ፋርማሲ፣ ከነገ ወዲያ ጫማ አድርጎ መመዘን ሰውን ያሳስታል። ቁመታችሁንም አስለኩ፤ አትገምቱ። አንድ ጊዜ አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ቁመቴን ማንም ሳይለካኝ ካርዴ ላይ ቢኤምአይ ተጽፎልኝ አይቻለሁ። 82 ኪሎ የሆነ ሰው 1.72 መሆኑ ቀርቶ 1.75 ተብሎ ቢጻፍ አንድ ነጥብ ያህል ቀጥኖ ይወጣል።

ሁለተኛው ነገር ወገብ ነው። ቢኤምአይ ስብና ጡንቻን አይለይም፤ ስቡ ዳሌ ላይ ይሁን ሆድ ውስጥ አያውቅም። ልብንና ስኳርን የሚያናጋው በተለይ ሆድ ዕቃን ከቦ የሚቀመጠው ነው። ለዚህ ሜትር እንኳ አያስፈልጋችሁም። (እዚህ ላይ ሲባጎ አወጣሁ። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት እናት እንዲተባበሩኝ ጠየቅሁ፤ እየሣቁ ተነሡ።) እማማ፣ ጫማዎን ያውልቁልኝ። ሲባጎውን ከተረከዝዎ እስከ አናትዎ እለካና እቆርጣለሁ። ይህ ቁመትዎ ነው። አሁን እኩል አጥፌ አጋማሹ ላይ ቋጠሮ አደርጋለሁ። ከመጨረሻው ጎድን አጥንትዎና ከዳሌዎ አጥንት መካከል፣ መቀነትዎን ትንሽ ላላ አድርገው፣ ትንፋሽዎን አውጥተው፣ ሳይስቡ ሆድዎን ይልቀቁልኝ። የታጠፈው ሲባጎ ወገብዎን ዞሮ ጫፍና ጫፉ ከተገናኘ፣ ወገብዎ ከቁመትዎ ግማሽ አልበለጠም፤ ደህና ነው። ካልተገናኘ፣ የቀረው ክፍተት ነው ሥራችን። (የእሳቸው አራት ጣት ያህል ቀረ። "ይህ የልጅ ልጅ ነው" ብለው አዳራሹን አሣቁት። ቀጥለው ግን ሲባጎውን ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።)

ከዚያ ጥያቄ ተከፈተ። የሁሉንም አልጽፍም።

አንድ ወጣት ጂም እንደሚሠራና 27 እንደሆነ ተናገረ። ሲባጎው ከበቃህ ቁጥሩ አያስጨንቅህ፣ ጡንቻ ከስብ ይከብዳል አልኩት።

ሰባን ያለፉ አንድ አባት ተነሥተው "ልጄ፣ አንቺ ስለ ውፍረት ታወሪያለሽ፤ የኔ ሱሪ ግን በየወሩ እየሰፋኝ ነው። ቀድሞ 70 ነበርኩ፣ አሁን 62 ነኝ። ልጆቼ 'አባባ ቀጠንክ፣ ጥሩ ነው' ይሉኛል። ስልኩም 'ልክ የዓለም አማካይ' አለኝ" አሉ። አዳራሹ ሣቀ፤ እኔ መሣቅ አልቻልኩም። በስንት ጊዜ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። "ከመስቀል ወዲህ።" ስድስት ወር ያህል ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ሳይፈልግ ከክብደቱ ከሃያ እጅ አንዱን በስድስት ወር ከጣለ መታየት አለበት፤ እሳቸው ከዘጠኝ እጅ አንዱን ጥለዋል። የምግብ ፍላጎታቸውን፣ ጥርሳቸውን፣ ሳላቸውን ጠየቅሁ። ጥርሳቸው ስለሚያማቸው እንጀራ በውሃ አርሰው ብቻ እንደሚበሉ ነገሩኝ። ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ከልጃቸው ጋር እንዲመጡ ተቃጠርን። ይህን ስጽፍ መጥተው ምርመራ ተጀምሮላቸዋል።

አንዲት እህት በመጨረሻ "እሺ፣ እኛስ ለሚዛኑ ልጅ ምን እንበለው?" አለች። እውነቷን ነው፤ ልጁ የሚለው እንዲያጣ አልፈልግም። በማግስቱ ማታ ሄጄ አነጋገርኩት። ከሚዛኑ ሥር የሚያነጥፍበት ጠፍጣፋ ጣውላ ከአናጢዎቹ ለምኜ ሰጠሁት። "ጫማዎን ያውልቁ፣ ቦርሳዎን ልያዝልዎት" ማለት ጀምሯል። "ጥሩ ነው?" ብለው ሲጠይቁት ደግሞ "ባለፈው ስንት ነበሩ ጋሼ?" ብሎ እንዲመልስ ነግሬዋለሁ። ከተቆረጠው ሲባጎ የተረፈው ጥቅል በጋራ መገልገያው ቤት፣ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ መቀስም አብሮት አለ።